ኳሷ አንድ፣ ሰዎቹ ሦስት
(ሚያዝያ 4 ቀን አመሻሽ ላይ ለምህንድስና ተማሪዎችና ለእንግዶች የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረ ከሞላ ጎደል ተጽፎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ! እንደምን አመሻችሁ!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ተማሪዎችም፣ በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዳራሹ ሞልቷል። ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁም አላችሁ። የቆማችሁት፣ አደራችሁን፣ በሩ ላይ አትቁሙ፤ መውጫው ክፍት ይሁን። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወንበርና ስለ መውጫ ነው።

ዛሬ ሚያዝያ 4 ነው። በ1953 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ቀን፣ በፈረንጆቹ 1961 መሆኑ ነው፣ ዩሪ ጋጋሪን የሚባል የ27 ዓመት ልጅ ምድርን ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ቀኑንም ወሩንም ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በፈረንጆች እጠራለሁ፤ እንዳንምታታ።

ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛ፣ ለአንድ ሰው የተሠራች መንኮራኩር እንዴት ሦስት ሰው እንደጫነች። ሁለተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደመጣ። ሦስተኛ፣ ያ ሦስተኛ ወንበር እንዴት እንደተነሳና እንዴት እንደተመለሰ። በመሃል ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር እነግራችኋለሁ። ለብዙ ዓመት ለሰው ነግሬው አላውቅም።

እሺ፣ ወደ አንደኛው።

እኔ የተማርኩት በዚያው አገር ነው፤ በሶቪየት ዘመን። አንድ ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በባቡር ወደ ካሉጋ ከተማ ሄድን። እዚያ የጠፈር ሙዚየም አለ። የመሠረት ድንጋዩን ያስቀመጠው ራሱ ጋጋሪን ነው። ውስጡ ጋጋሪን ከበረረባት ዓይነት መንኮራኩር፣ የቮስቶክ 5 መውረጃ ክፍል ቆሟል፤ ጠፈር ደርሳ የተመለሰችው ራሷ። ክብ ናት። ድፍን ኳስ። ስፋቷ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር። መሐንዲሶቹ ራሳቸው «ሻሪክ» ነበር የሚሏት፤ ትንሿ ኳስ እንደማለት ነው። ላይዋ ከሰል ሆኗል። በልጅነቴ እናቴ ከእሳት ያወጣችው ድንች ትዝ አለኝ፤ ያ ጥቁሩ፣ ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀው። አንገቴን አስግጌ በክቡ በር ወደ ውስጥ አየሁ። ጠባብ ናት። አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር።

ያ ወንበር ግን ተራ ወንበር አልነበረም። ልብ በሉልኝ! ሮኬቱ ገና ከመሬት ሲነሳ አንድ ነገር ቢበላሽ ወንበሩ ሰውየውን ይዞ ተፈናጥሮ ይወጣል። በመመለሻም ጊዜ እንዲሁ ነው። 7 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሩ ተነቅሎ ይወድቃል፤ ወንበሩ ይፈናጠራል፤ ሰውየው በራሱ ፓራሹት ይወርዳል። ምክንያቱም ኳሷ መሬት የምትመታው በኃይል ነው። ውስጧ ሆኖ ማረፍ ለሰው አይሆንም። ጋጋሪንም ያረፈው እንደዚያው በራሱ ፓራሹት ነው፤ የሶቪየት መንግሥት ግን ይህን ለዓመታት ደብቋል። በዚያ ላይ ሰውየው የጠፈር ልብስ ለብሷል። ኳሷ ብትበሳና አየሩ ቢወጣ ልብሱ አለ። ሮኬቱ ቢነድ ወንበሩ አለ።

ስለዚህ ቮስቶክ ጠባብ ትሁን እንጂ ለአንድ ሰው ታስቦላት ነበር። ስድስት ጊዜ ሰው ይዛ ወጣች፤ የመጀመሪያዋን ሴት ጠፈርተኛ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫንም ጨምሮ ስድስቱም በሕይወት ተመለሱ።

ከዚያ ፉክክሩ መጣ። አሜሪካኖች ሁለት ሰው የምትይዝ ጀሚኒ የምትባል መንኮራኩር እየሠሩ ነው። ሦስት ሰው የምትይዘው አፖሎም በመንገድ ላይ ናት። የሶቪየቶቹ አዲሷ ሶዩዝ ደግሞ ገና አልደረሰችም። ታዲያ ምን ይደረግ? የበላዮቹ ጥያቄ አጭር ነበር፦ አሜሪካኖች ሁለት ከማውጣታቸው በፊት እኛ ሦስት እናውጣ። በምን? ባለችው ኳስ!

እስቲ ልጠይቃችሁ። ኳሷ አላደገችም። ያችው 2 ሜትር ከ30 ናት። ሦስት ሰው ገባ። ምን ወጣ?

ቦታ ከሰማይ አይወርድም። የሆነ ነገር ሲገባ የሆነ ነገር ይወጣል። ምን ወጣ?

ተፈናጣሪው ወንበር ወጣ። ለሦስት ሰው ሦስት ተፈናጣሪ ወንበር የሚሆን ቦታ ከየት ይምጣ? የጠፈር ልብሱ ወጣ። በወፍራም ልብስ ሦስት ሰው ጎን ለጎን አይቀመጥም። ስለዚህ በስስ ቱታ ገቡ፤ ለጠዋት ሩጫ እንደሚወጣ ሰው። ሮኬቱ በሚነሳባት በመጀመሪያዋ ደቂቃ አንድ ነገር ቢፈጠር መውጫ የለም። አየር ቢሾልክ ልብስ የለም።

በፍትሐዊነት እንናገር፤ የጨመሩትም ነገር አለ። አሁን ሰዎቹ ኳሷ ውስጥ ሆነው ማረፍ ስላለባቸው በፓራሹቱ ገመድ ላይ ትንሽ ሮኬት አሰሩ። መሬት ሊነኩ ሲሉ ይተኮስና ፍጥነቷን ይገድላል። ተጠባባቂ ፍሬን ሮኬትም አከሉላት። ጥሩ ሥራ ነው። መሐንዲሶቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ የተሰጣቸው ጥያቄ ነው የተበላሸው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አስታውሱልኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። ሦስቱን ወንበሮች ለማስገባት ከድሮው አቀማመጥ ሩብ ዙር አዞሯቸው። የመሣሪያ ሰሌዳውና ማነጣጠሪያው መስኮት ግን በድሮ ቦታቸው ቀሩ። ሰዎቹ ሰሌዳውን ለማየት አንገታቸውን ይጠመዝዛሉ።

ቮስሆድ 1 ተባለች። ያለ ሰው የተሞከረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰው ይዛ ከመውጣቷ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ። ጥቅምት 12 ቀን 1964 ተነሳች። አዛዡ ቭላድሚር ኮማሮቭ። ሐኪሙ ቦሪስ ዬጎሮቭ። ሦስተኛው ደግሞ ኮንስታንቲን ፌኦክቲስቶቭ፣ መንኮራኩሯን ከነደፉት መሐንዲሶች አንዱ።

ስለዚህ ሰው ሳልነግራችሁ አላልፍም። በጦርነቱ ጊዜ ቮሮኔዥ ከተማ ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ለቀይ ጦር እየሰለለ ጀርመኖች ያዙት። ተኩሰውበት ጥይቷ በአገጩ ገብታ በአንገቱ ወጣች። ሞቷል ብለው ጥለውት ሄዱ። ተነሳ! ዋና መሐንዲሱ ሰርጌይ ኮሮሌቭ ሐሳቡ ለመሐንዲሶቹ ስላልተዋጠላቸው «ከእናንተ አንዱ አብሮ ይበራል» ብሎ አባበላቸው ይባላል። እናም ፌኦክቲስቶቭ ራሱ በሠራት ኳስ ገባ። እኔ ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም። ስንቶቻችን ነን ራሳችን በሠራነው ድልድይ ሥር ለመተኛት የምንደፍር?

አንድ ቀን ከትንሽ ሰዓት በረሩ፤ በሰላም አረፉ። ሲነሱ በስልክ ያነጋገራቸው የአገሪቱ መሪ ክሩሽቼቭ ነበር። ሞስኮ ሲገቡ የተቀበላቸው ብሬዥኔቭ ነው፤ ክሩሽቼቭ በመሃሉ ከሥልጣን ወርዷል። ዓለም አጨበጨበ። ሦስት ሰው! ሐኪም በጠፈር! ምን እንደወጣ የጠየቀ አልነበረም።

አሁን ያልኳችሁን የራሴን ነገር ልንገራችሁ።

ተምሬ እንደተመለስኩ ሥራ አላገኘሁም። አንድ ጋራዥ ገብቼ ብየዳ ያዝኩ። አንድ ቀን ባለ አውቶቡስ መጣ። «ኢንጅነር፣ ከኋላ አንድ ረድፍ ጨምርልኝ» አለኝ። ሄጄ አየሁ። ከኋላ ያለው የአደጋ ጊዜ በር ነው። «ወንበር ካስገባሁ በሩ ይዘጋል» አልኩት። «እሱን በር ማን ከፍቶት ያውቃል? ስድስት ዓመት ስነዳው አንድ ቀን አልተከፈተም!» አለኝ። አለቃዬን አየሁት። አለቃዬ አንገቱን ነቀነቀ፤ ደንበኛ ነዋ።

በየድኩት። ያን ዕለት ማታ፣ በእነዚህ እጆቼ። የወንበሩ እግር አልገባ ስላለኝ የእሳት ማጥፊያዋን ከቦታዋ ፈትቼ ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ወሸቅኳት። ብየዳው ንጹሕ ነበር። ቀጥ ያለ። ባለቤቱ በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ «አይነቃነቅም!» ብሎ አመሰገነኝ።

ክረምት ላይ ያ አውቶቡስ መንገድ ስቶ በጎኑ ተኛ። የተኛው በዋናው በር በኩል ነው። የኋላው በር ላይ የእኔ ወንበር አለ። ሰው መስታወት እየሰበረ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም። አንዲት እናት ግን እጃቸው ተሰበረ፤ ሰው ሲረጋገጥ። ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ ነበር። «ልጄ፣ ማን ልበል?» አሉኝ። «የሰፈር ሰው ነኝ» አልኳቸው። ልጠይቃቸው ይዤ የሄድኩትን ብርቱካን ግማሹን መልሰው ሰጡኝ፤ «ለልጆችህ» ብለው። ያን ጊዜ ልጅ አልነበረኝም። ብርቱካኑን ይዤ ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ።

ካሉጋ ላይ በዚያች ክብ በር አንገቴን አስግጌ ያየሁ ሰው ነኝ እኮ! አስጎብኚዋ ሴትዮ «እንደዚህች ባለችው ውስጥ ሦስት ሰው አስገብተዋል» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ማታ ግን ራሴን አልጠየቅኩም። ምን ወጣ ብዬ አልጠየቅኩም።

ይቅርታ፣ ልቀጥል። ሁለተኛው ነጥብ።

መጋቢት 18 ቀን 1965 ቮስሆድ 2 ተነሳች። ሰዎቹ ሁለት ናቸው፣ ፓቬል ቤልያዬቭና አሌክሴይ ሊዮኖቭ። ሊዮኖቭ በሰው ልጅ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንኮራኩር ወጥቶ በባዶው ሕዋ 12 ደቂቃ ያህል ቆየ። ልብሱ እንደ ፊኛ ተነፋ። አልገባ አለው። አየሩን በቫልቭ ቀንሶ፣ በእግሩ መግባት ሲገባው በጭንቅላቱ ገባ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት ቀጥሎ ያለውን ነው።

ለመመለስ ሲሉ አውቶማቲኩ እምቢ አለ። በእጅ መንዳት ግድ ሆነ። አስታውሱ ያልኳችሁን አሁን አምጡት! ወንበሮቹ ሩብ ዙር ዞረዋል፤ ማነጣጠሪያው መስኮት በድሮ ቦታው ነው። ቤልያዬቭ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማነጣጠሪያውን ማየት አይችልም። ስለዚህ ታጥፎ በሁለቱ ወንበሮች ላይ አግድም ተኛ። ሊዮኖቭ ከሥር ይዞ ደገፈው። እንዲህ ሆነው አቅጣጫዋን አስተካከሉ። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ ወደየወንበራቸው መመለስ አለባቸው፤ ክብደቱ ካልተስተካከለ መንኮራኩሯ ታጋድላለች። ይህ ሁሉ 46 ሰከንድ ያህል ፈጀባቸው።

46 ሰከንድ ምንድነው? እኛ ታክሲ ስንጠብቅ አናስተውላትም። ጠፈር ላይ ግን በአንድ ሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ነው የሚኬደው። እስቲ አባዙት። ያረፉት ከታሰበው ቦታ እጅግ ርቀው፣ ፐርም አካባቢ በበረዶ በተሞላ ጫካ ውስጥ ነው። ዛፍ እንጂ ማረፊያ የለም። ሄሊኮፕተር መውረድ አልቻለም። ሁለት ሌሊት በዚያ ብርድ አደሩ። በመጨረሻ በበረዶ መንሸራተቻ ተንሸራትተው ወጡ።

በ1964 ሦስተኛ ሰው ለማስገባት ወንበር አዞሩ። በ1965 ሁለት ሰዎች ጫካ ውስጥ አደሩ። ያያችሁት ይህ ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው ሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው ነው።

በ1966 ጥር ላይ ኮሮሌቭ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ሶዩዝ ሳትደርስ ተቻኮለች። ሚያዝያ 1967 ኮማሮቭ፣ ያ የቮስሆድ 1 አዛዥ፣ ብቻውን ወጣ። በማግስቱ ሌሎች ሦስት ሰዎች በሌላ ሶዩዝ ተነስተው ሊገናኙት ነበር። የኮማሮቭ አንዱ የፀሐይ ክንፍ አልተዘረጋም፤ ችግር በችግር ላይ ተደራረበ። የሦስቱ ጉዞ ተሰረዘ። ሲመለስ ዋናው ፓራሹት ከማስቀመጫው አልወጣ አለ። ተጠባባቂው ተጠላለፈ። ኮማሮቭ ሞተ። ያቺ ያልተነሳችው ሶዩዝ ስትመረመር ፓራሹቷ ላይ ያው ችግር ተገኘባት። ነፍስ ይማር። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የምቆየው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው።

ሶዩዝ ከጥንስሷ ሦስት ሰው እንድትይዝ ነው የተሠራችው። ከቮስሆድ በጣም ትሻላለች። ሮኬቱ ቢነድ ከላይዋ ያለው ማምለጫ ሮኬት ጎትቶ ያወጣታል። አንድ ነገር ግን ከቮስሆድ ወረሰች፦ ሦስት ሰው ያለ ጠፈር ልብስ። ቮስሆድ ላይ በጭንቅ የተደረገው ሶዩዝ ላይ ልማድ ሆነ። «ያለ ልብስ ወጥተን ተመልሰናል አይደል?» ልክ እንደዚያ እንደ ባለ አውቶቡሱ፤ ስድስት ዓመት አልተከፈተም!

ሰኔ 1971፣ ሶዩዝ 11። ጌኦርጊ ዶብሮቮልስኪ፣ ቭላዲስላቭ ቮልኮቭ፣ ቪክቶር ፓትሳዬቭ። ተጠባባቂ ቡድን ነበሩ። ከዋናው ቡድን አንዱ ሳንባው ላይ በራጅ ጠቆር ያለ ነገር ታየበትና በመጨረሻው ሰዓት እነሱ ተተኩ። ሳልዩት በምትባለው የመጀመሪያዋ የጠፈር ጣቢያ ገብተው ኖሩ። ጉዟቸው 23 ቀን ነበር። ፓትሳዬቭ 38ኛ ልደቱን እዚያው አከበረ። ሕዝቡ በቴሌቪዥን እያያቸው ለመዳቸው፤ የቤት ሰው ሆኑ።

ሰኔ 30 ሊመለሱ ተነሱ። መንኮራኩሯ ሦስት ክፍል ናት፤ ለማረፍ የምትመጣው መሃለኛዋ ብቻ ናት። ክፍሎቹን የሚለያዩት ፈንጂ ብሎኖች ናቸው። ተራ በተራ መፈንዳት ሲገባቸው አንድ ላይ ፈነዱ። በዚያ ንዝረት አንዲት ትንሽ ቫልቭ ተከፈተች። ያቺ ቫልቭ መሬት አጠገብ ስትደርስ የውጭ አየር ለማስገባት ነው የተሠራችው። እሷ ግን 168 ኪሎ ሜትር ላይ ተከፈተች። ውጭ አየር የለም። ያለው አየር ወጣ።

ቫልቯ በእጅ ትዘጋለች። ግን ለመዝጋት የሚፈጀው ጊዜ አየር ያጣ ሰው ራሱን ሳይስት ከሚቆይበት ጊዜ ይበልጣል። ራዲዮውን አጥፍተው ፉጨቱ ከየት እንደሚመጣ ለመስማት ሞከሩ። ቫልቯ በከፊል ተዘግታ ነው የተገኘችው። በከፊል! ከመካከላቸው አንዱ ቀበቶውን ፈትቶ እየዘጋ ነበር ማለት ነው።

ፓራሹቱ በሥርዓቱ ተከፈተ። ማረፊያ ሮኬቶቹ በሥርዓቱ ተተኮሱ። ካዛክስታን ሜዳ ላይ በሰላም አረፈች። አዳኞቹ ደርሰው ጎኗን አንኳኩ። መልስ የለም። ከፈቱ። ሦስቱም በየወንበራቸው ናቸው። ገላቸው ገና ሙቀት ነበረው። እዚያው ሜዳው ላይ ትንፋሽ ሊሰጧቸው ታገሉ፤ አልሆነም።

ልብስ ቢኖራቸውስ? ልብስ ቢኖራቸው ቫልቯ ብትከፈትም ቤታቸው ይገቡ ነበር።

ይህን የሶቪየቶች ጥፋት ብቻ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። አሜሪካኖቹ ስፔስ ሸትልን ሲሞክሩ በመጀመሪያዎቹ አራት በረራዎች ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ለሁለቱም ተፈናጣሪ ወንበር ነበራቸው። ከዚያ ሰው ሲጨምር ተፈናጣሪው ቀረ። በ1986 ቻሌንጀር ሰባት ሰው ይዛ ስትጋይ አንዱም መውጫ አልነበረውም። ጥያቄው አገር አይመርጥም። ምን ወጣ?

ሦስተኛው ነጥብ። ይሄን ስናገር ደስ ይለኛል።

ከሶዩዝ 11 በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ሰው አላወጡም። ከዚያ ምን አደረጉ? ሦስተኛውን ወንበር አነሱት! ፉክክሩ ሳያልቅ፣ ቁጥር እየተቆጠረ፣ አንድ ሰው ቀነሱ። ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ለልብሱ አየር የሚሰጠውን መሣሪያ አስገቡ። ልብሱንም አዲስ አድርገው ሠሩት፤ «ሶኮል» አሉት፣ ጭልፊት። ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል።

እስቲ አንድ ሰው ተከተሉልኝ። ኦሌግ ማካሮቭ ይባላል፤ መሐንዲስ ነው። መስከረም 1973 ሶዩዝ 12 ላይ ከቫሲሊ ላዛሬቭ ጋር በሁለት ሰው፣ በልብስ ወጣ። በሚያዝያ 1975 እነዚሁ ሁለቱ እንደገና ተነሱ። ሮኬቱ መንገድ ላይ ተበላሸ። መንኮራኩሯ ከሮኬቱ ተላቃ ወረደች፤ ሰውነታቸው ከ20 እጥፍ በላይ ከበደባቸው። አልታይ ተራራ ላይ በረዶ ላይ ወደቁ፤ ፓራሹቱ ተያዘላቸው እንጂ ወደ ገደሉ ነበር። ሁለቱም ተረፉ።

ሰባት ዓመት እንዲህ በሁለት ሰው ሄዱ። በሰባቱ ዓመት ውስጥ መሐንዲሶቹ ሶዩዝን ፈተው ገጠሙ። መሣሪያው አነሰ፣ ኮምፒውተር ገባ፣ ቦታ ተገኘ። ቦታ የተገኘው ከሰው ላይ ተወስዶ አይደለም! ኅዳር 1980 ሶዩዝ ቲ 3 ተነሳች። ሊዮኒድ ኪዚም፣ ጌናዲ ስትሬካሎቭ፣ እና ማን? ማካሮቭ! ሦስት ሰው፣ ሦስት ልብስ። ሦስተኛው ወንበር ከነልብሱ ተመለሰ።

ስለ ስትሬካሎቭ አንድ ነገር ልናገርና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ። መስከረም 26 ቀን 1983 ሌሊት ከቭላድሚር ቲቶቭ ጋር ባይኮኑር ላይ ሮኬት አናት ላይ ተቀምጠው መነሻቸውን ይጠብቃሉ። ሊነሱ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ሲቀራቸው ከሥር እሳት ተነሳ። እነሱ አያዩም፤ ንዝረት ብቻ ነው የተሰማቸው። እሳቱ ሽቦዎቹን በላቸው። ታች ያሉት ሰዎች በራዲዮ ትእዛዝ ላኩ። ማምለጫ ሮኬቱ ተተኮሰ፤ መንኮራኩሯን ነጥቆ ወደ ላይ ወሰዳት። ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ከሥራቸው ሮኬቱ ፈነዳ። ያ ቮስሆድ ላይ ቦታ የለም ተብሎ የቀረው ነገር፣ ማምለጫው፣ አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ሠራ። አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በፓራሹት አረፉ። ሰውነታቸው ተጎድቷል፤ በሕይወት ግን አሉ። ከነሱ በታች ማስወንጨፊያው ለብዙ ሰዓት ሲነድ አደረ።

ስትሬካሎቭ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ በረረ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። በሩ አጠገብ ካለው ወንድማችን እንጀምር።